የሰማይ እንግዶች ጦሳ ላይ ቢገናኙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። መነሻቸው አንድ የተማሪዎች ድራማ ነው። በድራማው ከየዓለማቸው የተነሱ መንገደኞች ጦሳ ተራራ ላይ አንድ ረከቦት ከበው ስለ አገራቸውና ስለ ወገናቸው ይጨዋወታሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የድራማ ክበብ ኃላፊ መምህር ነኝ። አንዱ እንግዳ ከማርስ፣ አንዱ ከቬነስ፣ አንዷ የሳተርን ጨረቃ ከሆነችው ከቲታን፣ አንዱ ደግሞ ከሩቅ ኮከብ ይመጣሉ። ተማሪዎቼ ሁሉንም አረንጓዴ ቀብተው አንቴና ሊሰኩላቸው ነው። በምን ይለያዩ? (ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ቀለሙን ለመጨረሻ ያቆዩት። የእንግዳው ጠባይ የሚወጣው ከአገሩ ነው፤ አገሩን ለማወቅ ደግሞ በሦስት ቁጥሮች ይጀምሩ፦ ስበት፣ የአየር ግፊትና ሙቀት። ተማሪዎቹ ይህ እንዲገባቸው ሩቅ መሄድ የለባቸውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የደሴ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን የኮምቦልቻው አራት አምስተኛ ነው። አንድ ባዶ ሃይላንድ ደሴ ላይ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና ሀረጎን ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ። ግፊቱ ብቻ ቢሆን አየሩ 7 በመቶ ያህል ይጨመቅ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስለምትሞቅ ጥቂቱን ትመልሰዋለች፣ የሚታየው ጉድጓድ 5 በመቶ ገደማ ነው። ሙከራው የሚበላሸው ጠርሙሱ መኪናው መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው ነው፤ የውስጡ አየር ሞቆ ጎኑን መልሶ ይነፋዋል። ከመለካታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆዩት። ሁለት ጎረቤት ከተሞች ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ሁለት ዓለማት ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚያ ወዲያ ለማስረዳት ቀላል ነው።

አሁን ወደ እንግዶቹ። ማርስ ላይ ስበቱ የእኛ 38 በመቶ ነው። በድራማ ዘወትር የሚሠራው ስህተት የማርሱን እንግዳ እያዘለሉ ማስገባት ነው። ማርስ ላይ የሚዘለው የደሴ ልጅ ነው! እዚህ 40 ሳንቲ ሜትር የሚዘል ልጅ እዚያ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ይዘላል። የማርሱ ልጅ ጦሳ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። 60 ኪሎ የሆነ ልጅ ጡንቻውና አጥንቱ ለማርስ ስበት ያደገ ከሆነ፣ እዚህ ሲቆም አንድ ኩንታል እህል እንደ ተሸከመ ያህል ይሆንበታል። ስለዚህ ተዋናዩ ተቀምጦ ይጀምር፤ ሲነሳ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይያዝ፣ ስኒ ሲያነሳ ክንዱ ይዘግይ፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይረፍ። አየሩም ለእሱ ከባድ ነው፤ የደሴ ግፊት ከማርሱ ከ100 እጥፍ በላይ ነው።

የቬነሱ እንግዳ ስበታችን አይከብደውም፤ የእሱ 90 በመቶ ነው። ችግሩ መሬቱ ነው። የቬነስ መሬት ሙቀት 465 ዲግሪ ገደማ፣ ግፊቱ ከባሕር ጠለላችን 90 እጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያ ያረፈችው የሶቪየት መንኮራኩር ቬኔራ 13 የሠራችው 127 ደቂቃ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከመሬቱ በላይ በ50ና በ55 ኪሎ ሜትር መካከል ልክ የደሴን የሚያህል ግፊት ይገኛል፤ ሙቀቱም እዚያ ከ75 ወደ 27 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዳችሁን ከደመናው ላይ አምጡት፤ የሚንሳፈፍ ቤት ይኑረው፣ ልብሱ የሰልፈሪክ አሲድ ዝናብ የማይበላው ይሁን። «አገራችሁ ከአገሬ ጋር እኩል ይተነፍሳል፣ የእኔ ግን ወለል የለውም» ማለት የሚችል እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉም ሰፊ ጨዋታ ያላት የቲታኗ ናት። አገሯ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው፤ በረዶ እዚያ ድንጋይ ነው፣ ወንዙና ሐይቁ ሚቴን ነው። የእኛ ደም ለእሷ የቀለጠ ዐለት ማለት ነው። አየሯ ናይትሮጅን የበዛበት ሆኖ ከደሴ አየር ወደ ስድስት እጥፍ ይጠብቃል፤ ስበቷ ደግሞ የእኛ 14 በመቶ ብቻ ነው። ክንፍ ያሰረ ሰው በገዛ ጉልበቱ ሊበር የሚችልበት አገር ነው። የዝናቧ ጠብታ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ግን በሰከንድ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ብቻ ነው የሚወርደው፤ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም አይፈጥንም። የእኛ ትልቅ የክረምት ጠብታ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። የሐምሌን ዝናብ ስታይ «ዝናባችሁ ምን አስቸኮለው?» ትበል። ልብሷ ቅዝቃዜ የሚይዝ ወፍራም ይሁን፣ ዙሪያውን ጉም ይውጣው። ከፍሙም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧት፤ ሚቴን ከአየራችን ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ስበት የቀነሰባቸው ፕላኔቶች ላይ ያሉ ሰዎች ግዙፍ ይሆናሉ የሚባለው እውነት ነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ሊረዝሙ ይችላሉ፣ ግን እንደ ፊልም አይደለም። ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ስምንት እጥፍ፣ የአጥንት ውፍረት ስፋት አራት እጥፍ ብቻ ያድጋል፤ ስለዚህ ግዙፉን የሚገድበው የገዛ ክብደቱ ነው። ስበቱ በግማሽ ከቀነሰ ያ ገደብ ይላላል። በእውን የተለካው ይህ ነው፦ ጠፈርተኞች ክብደት አልባ ሆነው ሲቆዩ አከርካሪያቸው ተላቅቆ እስከ 3 በመቶ ይረዝማሉ፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ምድር ሲመለስ ያጣዋል። በአንጻሩ ሸክም የሚችለው አጥንታቸው በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቡና አፍልቼ የምተዳደር ሴት ነኝ። ልጄ ድራማው ላይ ማርስ ላይ ቡና የምታፈላ ሆና ትሠራለች። እውነት ጀበና እዚያ ያገለግላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያገለግላል፤ ግን እርስዎ በእጅዎ የለመዱት ልክ ሁሉ ይለወጣል።

ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው የአየሩ ግፊት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጀበናዎ በ94 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል፤ ደሴ ላይ በ92። ማርስ ላይ ከቤት ውጭ ግፊቱ ከባሕር ጠለላችን አንድ መቶኛ አይሞላም። ውሃ እዚያ ወይ በረዶ ነው፣ ወይ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ እየፈላ ይተናል። ጀበናው ይንተከተካል፣ እጅ ግን አያሞቅም። ስለዚህ ቡናው የሚፈላው አየር በተሞላ ቤት ውስጥ ነው፤ ጥያቄው የቤቱ ግፊት ስንት ነው የሚለው ይሆናል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የባሕር ጠለልን ግፊት ስለሚይዝ ውሃ በ100 ይፈላል። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች ግን በሲሶ ግፊት ንጹህ ኦክስጅን ነበር የሚይዙት፤ በዚያ ግፊት ውሃ በ72 ዲግሪ ይፈላል። በ72 ዲግሪ የተፈላ ቡና ኃይሉ ሳይወጣ ይቀራል። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ72 አያልፍም። የልጅዎ ቤት ቢያንስ የደሴን ግፊት ይያዝ።

መቁላቱ ችግር የለበትም፤ ምጣድ ላይ ያለ ቡና ውሃው ስላለቀ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። ችግሩ ከሰሉ ነው። ግማሽ ኪሎ ካርቦን ሲነድ 1.3 ኪሎ ኦክስጅን ይበላል፤ ይህ ለአንድ ጠፈርተኛ የአንድ ቀን ተኩል ትንፋሽ ነው። በላዩ 1.8 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል፣ ከጎደለ አየር ደግሞ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። እዚህም በተዘጋ ክፍል ፍም አስገብቶ መተኛት የሚገድለው በዚሁ ነው። ስለዚህ ረከቦቱ ይኑር፣ እጣኑ ይቅር፣ ምድጃው የኤሌክትሪክ ይሁን።

አሁን ሙያው ያለበት ቦታ ደረስን። ጀበናው ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪዘቅጥ ማስከኑን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ደቃቅ ነገር በፈሳሽ ውስጥ የሚዘቅጥበት ፍጥነት ከስበቱ ጋር እኩል ይቀንሳል፤ ማርስ ላይ 2.6 እጥፍ ይዘገያል። እዚህ 3 ደቂቃ የሚያሰክኑት ጀበና እዚያ 8 ደቂቃ ይፈልጋል። በ3 ደቂቃ ከቀዱት አቦሉ ስኒ ውስጥ አተላ ይዞ ይመጣል። በ8 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ እንዳይቀዘቅዝ ጀበናውን በጨርቅ መጠቅለል ነው።

ሲቀዱስ? ብዙ ሰው ስበቱ ስለቀነሰ ቡናው ከስኒው አልፎ ይፈሳል ይላል። አይፈስም። ቡናውን ከጀበናው አፍ የሚገፋው ያው ስበት ነው፤ ሲደክም ቡናው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወድቃል፣ ሁለቱ ተመጣጥነው የመውረጃው ቅስት እዚህ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። የሚለወጠው ጊዜው ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚቀዳ ቡና እዚህ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ይደርሳል፣ እዚያ በአንድ ሦስተኛ። ልጅዎ ስትቀዳ እጇን ከፍ ታድርግ፣ ዓይኗ ቡናውን ይከተል፤ ተመልካቹ ይገባዋል።

መንገድ ላይ፣ ክብደት በሌለበት መንኮራኩር ውስጥ ግን ጀበና ምንም አይቀዳም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣሊያናዊቷ ጠፈርተኛ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ ጣቢያው ላይ ኤስፕሬሶ የጠጣችው በልዩ ማሽን ተፈልቶ፣ ጠርዙ ፈሳሹን ወደ ከንፈር በሚስብ ልዩ ስኒ ነው።

ጥያቄ፦ «አቦል» የሚባል ፕላኔት አለ ብሎ ወንድሜ ይከራከረኛል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምሽ ልክ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ባደረገው ዘመቻ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብለዋል። በመዝገብ ስሙ ኮከቡ ኤችዲ 16175 ነው። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል፤ ዛሬ የምናየው ብርሃኑ ከዚያ ሲነሳ እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት አላበቃም ነበር።

በዓይን ብቻ አይታይም፣ ባይኖክላር ያሻል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙሪ፤ አንድሮሜዳ በምትባለው የኮከቦች ስብስብ ጫፍ ላይ አልማክ የምትባል ደማቅ ኮከብ ከአድማሱ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ብላ ታገኚያታለሽ። ከእሷ ወደ ምሥራቅ 6 ዲግሪ፣ ማለት የተዘረጋ ክንድሽ ላይ ሦስት ጣት አለፍ ብሎ፣ ቡና እዚያ አለ። ከከተማው መብራት ራቂ።

ለድራማው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የምትከብድ ጋዝ ናት፤ የሚቆሙበት መሬት የላትም። እንግዳው ከእሷ ጨረቃ ይምጣ፣ ጨረቃዋም የእናንተ ፈጠራ ይሁን። ዓመቷ ወደ 1,000 ቀን ይጠጋል፤ ምህዋሯም በጣም ሞላላ ነው። ከኮከቧ ስትርቅ ስትቀርብ ከነበራት ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ትሄዳለች፣ የሚደርሳት ሙቀትም በሁለቱ መካከል ከ15 እጥፍ በላይ ይለያያል። የዚያ አገር ሰው «በጋ» ሲል ሽሽት ማለቱ ነው፣ «ክረምት» ሲል ደግሞ ረጅሙን የዓመቱን ክፍል፤ ምክንያቱም ሲርቁ ዝግ ማለት፣ ሲቀርቡ መፍጠን የፕላኔት ሁሉ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ ጓደኛዬ ዋሽንት ይነፋል። እንግዶቹ አምባሰልና ባቲን በየአገራቸው ቢሰሙ አንድ ዓይነት ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይሆንም፣ ሁለታችሁም አትስማሙም። የማሲንቆው ድምፅ ልክ በጭራው ርዝመት፣ ክብደትና ውጥረት ይወሰናል፤ የትም ብትሄድ እምብዛም አይለወጥም። ዋሽንት ግን የሚጮኸው በሸምበቆው ውስጥ ያለው አየር ነው፣ ልኩም ድምፅ በዚያ አየር ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት ይወሰናል። ደሴ ላይ በ15 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል፣ ማርስ ላይ ወደ 240፣ ቲታን ላይ ወደ 194። እዚህ 400 ኸርዝ የሚሰጥ ዋሽንት በማርስ አየር ወደ 282፣ በቲታን አየር ወደ 228 ይወርዳል። ማርስ ላይ ግማሽ ኦክታቭ፣ ቲታን ላይ ሙሉ ኦክታቭ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ቅኝቱ ራሱ ግን አይፈርስም። የዋሽንቱ ድምፆች ሁሉ በአንድ ሬሾ ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይቆያል፤ ባቲ ባቲ እንደሆነ፣ አምባሰልም አምባሰል እንደሆነ፣ ከወፍራም ቦታ ይሰማሉ። የሚስተው ከማሲንቆው ጋር ሲጣመር ነው። ለማርስ ማሲንቆህን በስድስት ግማሽ ድምፅ፣ ለቲታን በአሥር ገደማ ማላላት ይኖርብሃል፤ ጭራው በዚያ ልክ ላልቶ እንዳይንኳኳ ወፈር ያለ ጭራ እሰር።

ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛ፣ ጓደኛህ በገዛ ትንፋሹ ከነፋ ሸምበቆው በሰው ትንፋሽ ይሞላና ድምፁ ወደ ምድሩ ይጠጋል፤ የአገሩን ድምፅ ለመስማት በወናፍ የአገሩን አየር መንፋት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎች ዋሽንትን የሚለውጠው ግፊት ይመስላቸዋል። ግፊት አይደለም፣ የጋዙ ዓይነትና ሙቀቱ ነው። ደሴ ላይ ከማሲንቆ ጋር የተስማማ ዋሽንት ኮምቦልቻ ላይ በጥቂቱ የሚቀጥነው ከተማዋ ዝቅ ስላለች ሳይሆን ስለምትሞቅ ነው፤ 7 ዲግሪ ልዩነት የግማሽ ድምፅን አምስተኛ ያህል ያነሳዋል። ማርስ ላይ ሌላም አለ፤ ቀጭን ድምፆችን አየሩ ስለሚውጣቸው ከጥቂት ሜትር በኋላ የሚቀረው ወፍራሙ ብቻ ነው። የማርስ አድማጭ ጠጋ ብሎ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። በሬዲዮ ከማርስ ጋር እንዴት ይሆናል? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ እንደ ልማዳችን ጥያቄና መልስ እየተቀባበሉ ከሆነ ያስቸግራል። የሬዲዮ ድምፅ ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። በ12 ደቂቃ ብናሰላው፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ዝናቡ፣ ከብቱ እየተባለ ስምንት ጊዜ ለመመላለስ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ከቲታን ጋር መንገዱ 80 ደቂቃ ሲሆን ያው ሰላምታ 21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። መላው፣ እንደ ድሮ ደብዳቤ፣ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ መላክ፣ ያልተጠየቀውንም ቀድሞ መመለስ ነው፦ «እኛ ደህና ነን፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እናንተስ?»

የሰላምታው ቃል ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። «አደራችሁ»፣ «ዋላችሁ»፣ «አመሻችሁ» የምንለው ፀሐይ ስለምትወጣና ስለምትገባ ነው። ትራፒስት-1 በምትባለው፣ ወደ 41 የብርሃን ዓመት በምትርቀው ኮከብ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች አሉ። ለኮከባቸው በጣም ስለሚቀርቡ አንድ ፊታቸውን ብቻ ወደ እሷ አዙረው የሚኖሩ ሳይሆኑ አይቀርም። እንዲህ ባለ አገር በአንዱ ወገን ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ይውላል፣ በሌላው ወገን ያለው ዕድሜ ልኩን ያድራል። «እንደምን ዋልክ» የጊዜ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሰላምታ ይሆናል፤ በድንበሩ ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ያመሻል። የሩቁን ኮከብ እንግዳ ከዚያ ብታመጡት ጥሩ ንግግር ይወጣዋል።

ስለ ቋንቋ ካነሳን፣ ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ ጠፈር ላይ ሲገናኙ አሜሪካውያኑ ሩሲያኛ፣ ሩሲያውያኑ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ሰው በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ቀስ ይላል፣ ቃሉንም ይመርጣል፣ ሰሚውም ይገባዋል። እንግዶቻችሁ እንዲሁ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ማርስ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይሠራል? የ16 ዓመት ልጅስ እዚያ ስንት ይሆነዋል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከሌላው አቆጣጠር ይልቅ የእኛው ይመቻል። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው፤ ዓመቷ ደግሞ በራሷ ቀን 668.6 ነው። ወሩን ሠላሳ ብናደርገው 22 ወር 660 ቀን ይሆናል፣ የቀረው 8.6 ቀን ጳጉሜ ነው። ከአምስት ዓመት ሦስቱን ጳጉሜ 9፣ ሁለቱን 8 ብናደርግ ሒሳቡ ይገጥማል። የሚከብደው ለተጨማሪዎቹ አሥር ወራት ስም ማውጣት ነው። ከጠዋት 12 ሰዓት የሚጀምረው ሰዓታችንም ይሠራል፤ እያንዳንዱ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ መለጠጥ ብቻ ነው የሚኖርበት። ቬነስ ላይ ግን ተዉት፤ ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መውጫ 117 ቀናችን ነው፣ ፀሐይም የምትወጣው በምዕራብ ነው።

የ16 ዓመቱ ልጅ በማርስ 8 ዓመት ተኩል፣ በቬነስ 26 ይሆነዋል። በሳተርን ዓመት ከተቆጠረ ገና ከግማሽ ዓመት ትንሽ አልፏል። ዓመቷ 6.1 ቀን በሆነችው የትራፒስት ፕላኔት ከ950 በላይ ይቆጥራል። ስለዚህ ጦሳ ላይ ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ያለዚያ የ16 ዓመቱ ልጅ የሁሉ ሽማግሌ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንደኛው መንገደኛ የወሎ ሙስሊም ነው። ሶላቱንና ቂብላውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ ይህ በእውን የተጠየቀና የተመለሰ ነው። ማሌዥያዊው ሐኪም ሼክ ሙስዛፈር ሹኮር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007፣ በረመዳን፣ ወደ ጠፈር ጣቢያው ሲሄድ የአገሩ ሊቃውንት መመሪያ አዘጋጅተውለት ነበር። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ስለሚዞር በቀን 16 ጊዜ ፀሐይ ይወጣል፤ ሶላቱ ግን በ24 ሰዓት አምስት ጊዜ፣ ሰዓቱም በተነሳበት ቦታ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ቂብላው በሚቻለው ቅደም ተከተል ነው፦ ወደ ካዕባ፣ ካልተቻለ ከካዕባ በላይ ወዳለው አቅጣጫ፣ ካልተቻለ ወደ ምድር፣ ካልሆነም ወደ የትም። ጾሙን ተመልሶ ማካካስ ይችላል። ክርስቲያን መንገደኛ ካላችሁም፣ ሩሲያውያን ጠፈርተኞች ልደትን እንደ እኛው ታኅሣሥ 29 ያከብራሉ።

ጥያቄ፦ ለቀይ ኮከቡ አገር ትዕይንት ቀይ ሴሎፎን ልንገዛ ነው። ይበቃል? (ከደሴ፣ የመድረክ ሠራተኞች)

መልስ፦ አትግዙ። «ቀይ ድንክ» እንደ ትራፒስት-1 ያለች ትንሽ ኮከብ መጠሪያ ስም ነው እንጂ ብርሃኗ ደም አይመስልም። የትራፒስት-1 ገጽ ሙቀት ወደ 2,570 ኬልቪን ነው፤ የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል 2,700 ገደማ ነበር። ያ አገር ማታ በአምፖል እንደሚበራ ሳሎን ነው። ካርቶኑ ላይ 2,700 ኬ የሚል የኤልኢዲ አምፖል ግዙና ዙሪያውን አጨልሙ። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ይታያል፣ ሰማያዊው ግን ይደበዝዛል። በቀይ ሴሎፎን ብታደርጉት አረንጓዴው ጥቁር ይሆንባችኋል፣ ያ ደግሞ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ጠፈር ከተላከው የሰላምታ ሸክላ ላይ አማርኛ አለ? ከሌላ ዓለም ሰው ጋርስ በምን እንለካካለን? (ከደሴ፣ ጡረታ የወጣ መምህር)

መልስ፦ ጋሼ፣ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቮየጀር የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ይዘውት የሄዱት በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ይዟል፤ ከአፍሪካ ሉጋንዳ፣ ሶቶ፣ ኒያንጃ፣ ኢላና ንጉኒ ሲኖሩ አማርኛ አልገባም። ድራማው ያንን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። ሰማይ ግን ደሴን ቀድሞ ጎብኝቷታል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚህ ሰፍረው ሳለ በታየው ታላቅ ጅራታም ኮከብ ተደንቀው ቦታውን «ደሴ» እንዳሉት ይነገራል።

ስለ መለኪያው፣ ሜትርም ኪሎም የእኛ ስምምነት ናቸው፣ እንግዳው አያውቃቸውም። ሃይድሮጅን ግን በየትኛውም ዓለም ያው ነው፣ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድም ርዝመቱ 21.1 ሳንቲ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተነሳችው መንኮራኩር ፓዮኒር 10 ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተሳለችው ሴት ቁመት የተጻፈው በዚሁ ነው፤ ስምንት ሞገድ፣ ማለት 168 ሳንቲ ሜትር። ይህ ከእኛ ስንዝር ጋር ይቀራረባል። ተማሪዎቹ ቀጥ ያለ ሸምበቆ 21 ሳንቲ ከ1 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁረጡ፤ አንጓው መሐል ላይ እንዳይውል፣ ሲደርቅ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ክር ይጠምጥሙበት። ከዚያ እያንዳንዱ እንግዳ ተራ በተራ ወደ ረከቦቱ ሲቀርብ ቁመቱን በዚያ ሸምበቆ ይለካ፣ ቁጥሩንም በየቋንቋው ጮክ ብሎ ይጥራ።